የሰው ማሳ አቋርጦ ኮረብታ መውጣት፦ የእንግሊዝ ገጠር መንገዶች ሕግና አሠራር

ከለንደን ዋተርሉ ጣቢያ ባቡር ይዞ ወደ ደቡብ የሄደ ሰው ሰዓት ሳይሞላው ቦክስ ሂል ኤንድ ዌስትሃምብል ከምትባል ትንሽ ጣቢያ ይወርዳል። ሞል የተባለውን ወንዝ በድንጋይ መረማመጃ ተሻግሮ፣ በጫካው ውስጥ ደረጃ ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ አፋፉ ላይ ሲደርስ የደቡብ እንግሊዝ ገጠር ከእግሩ ሥር ተዘርግቶ ይታየዋል። ቦታው ቦክስ ሂል ይባላል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 224 ሜትር ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ታክሲ ሲጋፋ ላደገ ሰው፣ 224 ሜትር ለመውጣት ስንቅ መቋጠር ሊያስቀው ይችላል። የአገሩ ትልቁ ተራራ ስካፌል ፓይክ እንኳ 978 ሜትር ነው፤ ቆላ ከምንላት ከአዋሽ ከተማ ቢስተካከል ነው።

አዲስ ሰውን የሚያስቸግረው አቀበቱ ሳይሆን አጥሩ ነው። በእንግሊዝ ገጠር አንድ ሁለት ሰዓት የእግር ጉዞ ያደረገ ሰው የስንዴ ማሳ መሃል ለመሃል ይሰነጥቃል፣ የበግ ግጦሽ ያቋርጣል፣ አንዳንዴም የገበሬውን ጓሮ ከኩሽናው መስኮት ፊት ለፊት ያልፋል። ሰው ግቢ ሳያስፈቅዱ ዘው ማለት ነውር ነው ተብሎ ላደግን ሰዎች ይህ ይከብዳል። «ውሻ ይለቁብን ይሆን?» «ፖሊስ ቢጠሩስ?» የሚለው ስጋት ብዙውን ሰው መኪና ማቆሚያው አጠገብ ፎቶ አንስቶ እንዲመለስ ያደርገዋል። የሚያሳዝነው፣ ደህና ደህና የሚባሉት ዕይታዎች ከመኪና ማቆሚያው ማዶ መሆናቸው ነው። ስለዚህ የት መግባት እንደሚቻል፣ የት እንደማይቻል፣ ለምን እንደሆነም አንድ በአንድ እንየው።

መነሻው የመሬት ይዞታ ነው። በእኛ አገር መሬት ከ1975 ወዲህ የመንግሥትና የሕዝብ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በእንግሊዝ ግን ኮረብታውም፣ ሜዳውም፣ ጫካውም ባለቤት አለው፤ ገበሬ ሊሆን ይችላል፣ መስፍን፣ ኩባንያ፣ የበጎ አድራጎት ማኅበር ወይም ዘውዱ። ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተከለለው ምድር ራሱ አብዛኛው የግል ንብረት ነው። ብሔራዊ ፓርክ ሲባል ለአውሬ ተብሎ ሰው የተነሣበት ቦታ የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ በእንግሊዝ ፓርኮች ውስጥ ግን መንደር አለ፣ እርሻ አለ፣ ትምህርት ቤትና መጠጥ ቤት አለ።

ሕጉ ይህን ያስታረቀው ሁለት መብቶችን ለያይቶ ነው። አፈሩ የባለቤቱ ነው፤ በአፈሩ ላይ በተሰመረች ቀጭን መንገድ የማለፍ መብት ደግሞ የሕዝብ ነው። ይህች መንገድ ሣር የበቀለባት፣ አንድ ሰው ብቻ የምታሳልፍ ብትሆንም በሕግ ፊት እንደ አስፋልቱ ሁሉ የሕዝብ መንገድ ናት። መሬቱ ቢሸጥ፣ ቢወረስ፣ ቢከፋፈል አብራ ትሄዳለች። ባለቤቱ ሊያጥራት፣ ሊቆልፋት፣ «በዚያ ዙሩ» ብሎ ሰው ሊመልስባት አይችልም። ማዛወር ካማረው ለአካባቢው ምክር ቤት ያመለክታል፣ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ተቃዋሚም ካለ ይሰማል። «አንዴ የሕዝብ መንገድ የሆነ ምንጊዜም የሕዝብ መንገድ ነው» የሚለው የቆየ የፍርድ ቤት መርህ ዛሬም ይሠራል።

ከእነዚህ መንገዶች ብዙዎቹን ያወጣቸው የሰው እግር ነው። ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ወፍጮ፣ ወደ ገበያ፣ ማዶ ወዳለው መንደር ሲመላለስ መንገዱ ወጣ፤ ሕጉ ኋላ መጥቶ አጸደቀው። አሁንም ቢሆን ሕዝቡ አንድን መስመር 20 ዓመት ሳያቋርጥ ከተመላለሰበት፣ ባለቤቱ እንደ ሕዝብ መንገድ እንደሰጠው ይቆጠራል፤ ይህን የሚደነግገው የ1980ው የአውራ ጎዳናዎች ሕግ ነው። ቅድመ ሁኔታ አለው፦ አጥር ሰብረው፣ ተደብቀው ወይም አስፈቅደው የሄዱ እንደሆነ አይቆጠርላቸውም።

የመጨረሻዋ ነገር ታስገርማለች። ባለቤቱ ደግ ሆኖ «እለፉ፣ ፈቅጃለሁ» ካለ፣ ያ ፈቃድ መብቱ እንዳይወለድ ያግደዋል። በእሱ ቸርነት እስከሄዱ ድረስ መቶ ዓመት ቢመላለሱም የራሳቸው መብት አይሆንም። አንዳንድ ቦታ «ይህ መንገድ በባለቤቱ ፈቃድ የተከፈተ ነው» የሚል ጽሑፍ የምታዩት፣ ወይም ዓመቱን ሙሉ ክፍት የነበረ በር በዓመት አንድ ቀን ተቆልፎ የሚውለው ለዚህ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ መንገድ መሄድ ይቻላል፤ ባለቤቱ ግን ሲፈልግ ሊዘጋው ይችላል።

የቱ የሕዝብ፣ የቱ የፈቃድ እንደሆነ የሚለየው መዝገብ የመጣው በ1949 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የብሔራዊ ፓርኮችና የገጠር መዳረሻ ሕግ እያንዳንዱ ካውንቲ (የአካባቢ አስተዳደር) ያሉትን መንገዶች በይፋዊ ካርታ እንዲያሰፍር አዘዘ። ሥራው ወደ ቀበሌዎቹ ወረደ። የአንዱ መንደር ሰዎች ተግተው እያንዳንዷን ጥርጊያ ጻፉ፤ የአጎራባቹ መንደር ሰዎች ደግሞ ቸል አሉ። በዚህ የተነሣ ዛሬም ካርታ ላይ ደህና ሲመጣ የነበረ መንገድ ከሁለት ቀበሌዎች ድንበር ላይ ድንገት ቁርጥ ሲል ይታያል። ከ1949 በፊት የነበሩና ያልተመዘገቡ መንገዶች እስከ 2026 ካልተመዘገቡ መብቱ ይቀራል የሚል የጊዜ ገደብ በ2000 ወጥቶ ነበር። ቀኑ ወደ 2031 ተገፋ፤ በዲሴምበር 2024 ደግሞ መንግሥት ገደቡን ጨርሶ እንደሚያነሣው አስታወቀ። አሮጌ ካርታና የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ሲያገላብጡ የሚውሉ በጎ ፈቃደኞች በየካውንቲው አሉ፤ የጠፋች መቶ ሜትር መንገድ ለማስመለስ ዓመታት ይከራከራሉ። እብደት ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን የእነሱን ውለታ በእግሬ የምበላው ነኝና አመሰግናቸዋለሁ።

አሁን በእንግሊዝና በዌልስ የተመዘገበው የሕዝብ መንገድ ወደ 225,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የሚለየው በምሰሶና በበር ላይ በተለጠፈች ቀስት ቀለም ነው። ቢጫ ቀስት ለእግረኛ ብቻ ነው። ሰማያዊ ቀስት ፈረስንም ይጨምራል፤ ከ1968 ጀምሮ ብስክሌትም ተፈቅዶበታል። ሐምራዊና ቀይ የጋሪና የተሽከርካሪ ነገር ስለሆኑ ለእግረኛ ከጭቃው በቀር ልዩነት የላቸውም። አራቱም ላይ በእግር መሄድ ይቻላል።

እንግዲህ ቢጫዋ ቀስት ወደ ታረሰ ማሳ ቀጥ ብላ ስታመለክት ምን ይደረጋል? ብዙ ሰው ሰብል ላለመርገጥ አስቦ በማሳው ዳር ይዞራል። ጨዋነቱ ደስ ይላል፤ ግን መብቱ ያለው መሃል ለመሃል ባለው መስመር ላይ ነው፤ ዳር ዳሩን መዞር ይልቁንም ያልተፈቀደ ቦታ መርገጥ ነው። ገበሬው ማሳ የሚያቋርጥን መንገድ ማረስ ይችላል፤ ሆኖም ለመዝራት መጀመሪያ ባረሰ በ14 ቀን ውስጥ መንገዱን ደልድሎ፣ ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሆኖ በግልጽ እንዲታይ ማድረግ ግዴታው ነው። ሰብሉ ሲያድግም መስመሯን ክፍት አድርጎ ይጠብቃል። በማሳው ጠርዝ የሚሄደውን መንገድ ግን ጨርሶ አያርሰውም፤ ስፋቱም አንድ ሜትር ተኩል መሆን አለበት። በሰኔ ወር ደረት የሚደርስ ስንዴ መሃል የተላጨች ቀጭን መስመር ካያችሁ፣ ያቺን የሠራት በግድም ቢሆን ሕግ አክባሪ ገበሬ ነው።

ስለ ኮርማም ሕግ አለ። የወተት ዝርያ የሆነ፣ ከአሥር ወር በላይ የሆነው ኮርማ የሕዝብ መንገድ በሚያልፍበት ግጦሽ ውስጥ መለቀቅ የለበትም። የሥጋ ዝርያ ኮርማ ግን ላሞች ወይም ጊደሮች አብረውት ካሉ ይፈቀድለታል። ከብት ሲጠብቅ ያደገ ሰው ይህን ያደረገው ማን እንደሆነ ባያውቅም ብልህ እንደሆነ ይገባዋል፤ የወተት ኮርማ ቁጡ ነው፣ የሥጋው ደግሞ ላሞቹ መሃል ሲሆን ለሰው ግድ የለውም። እውነተኛው አደጋ ከጥጃ ጋር ያለች ላም ናት፤ በተለይ ውሻ ይዞ ለመጣ ሰው። ላሞቹ ቢመጡባችሁ ውሻውን ልቀቁት፤ እሱ ያመልጣል፣ እናንተም ትተርፋላችሁ።

ሌላው የሚያስፈራው «ጥሶ የገባ ይከሰሳል» የሚለው ማስታወቂያ ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙውን ጊዜ ባዶ ዛቻ ነው። የሰው መሬት ላይ ያለፈቃድ መራመድ በእንግሊዝ በአብዛኛው ወንጀል አይደለም፤ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ባለቤቱ ውጣ ሊላችሁ ይችላል፤ በአጭሩ መንገድ መውጣትም ግዴታችሁ ነው። አጥር ከሰበራችሁ፣ ሰብል ካበላሻችሁ ነገሩ ሌላ ነው። የባቡር ሐዲድና የጦር ሠራዊት ይዞታ ደግሞ ለብቻው ታይቶ ወንጀል ተደርጓል፤ እዚያ ቀልድ የለም።

እስካሁን ያወራነው ስለ መስመር ነው። ከመስመር ወጥቶ ኮረብታው ላይ ወደፈለጉት መባዘን የሚቻልበት ሌላ ሕግ አለ፤ እሱ የተገኘው በእስር ጭምር ነው። በ1930ዎቹ ማንቸስተርና ሼፊልድ የፋብሪካ ጭስ የዋጣቸው ከተሞች ነበሩ። በመካከላቸው ፒክ ዲስትሪክት የተባለው ደጋ አለ፤ ከፍተኛው ስፍራ ኪንደር ስካውት ግን ለመሳፍንቱ ቆቅ መሰል ወፍ አደን ተብሎ በጠባቂ የታጠረ ነበር። ሚያዝያ ወር ላይ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1932፣ ቤኒ ሮትማን የተባለ የ20 ዓመት ወጣት የሚመራቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ሆን ብለው ወደ ተከለከለው ተራራ ወጡ። ከጠባቂዎቹ ጋር ተጓተቱ፤ ሲወርዱ ፖሊስ ጠበቃቸው። አምስቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ተፈረደባቸው። መሬት ላይ በመራመድ ብቻ እንዳልታሰሩ፣ በሁከት እንደተከሰሱ ልብ በሉ፤ ከላይ እንዳልኩት መራመዱ ራሱ ወንጀል አልነበረምና። ፍርዱ ግን ጉዳዩን በቦታው ላልነበረ ሰው ሁሉ የቤት ወሬ አደረገው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የ1949ኙ ሕግ መጣ፤ በ1951 ፒክ ዲስትሪክት የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ገደብ የለሽ የእግር መብት ግን እስከ 2000 ድረስ አልተገኘም።

በ2000 የወጣው የገጠርና የመንገድ መብቶች ሕግ ተራራን፣ ከፍተኛ ረግረጋማ ደጋን፣ ቁጥቋጦ ለበስ ሜዳን፣ የጠመኔ ኮረብታ ሣርንና የተመዘገበ የወል መሬትን ለእግረኛ ከፈተ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከእንግሊዝ ምድር 8 በመቶ ገደማ ነው። የቀረው ጫካ፣ የወንዝ ዳር፣ የታረሰ ማሳና ለምለም ግጦሽ በመስመር ብቻ የሚታለፍ ነው። ስኮትላንድ በ2003 ባወጣችው ሕግ ከዚህ በጣም የሰፋ መብት ሰጥታለች፤ ከኤድንበራ የመጣ ወዳጃችሁ «የትም መግባት ይቻላል» ቢላችሁ ስለ አገሩ እያወራ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ አትመኑት።

በእነዚህ ክፍት ቦታዎች መሄድ፣ መሮጥ፣ መቀመጥ፣ ምሳ መብላት ይቻላል። ብስክሌት፣ ፈረስ፣ እሳት ማንደድና ድንኳን መትከል በመብቱ ውስጥ አልተካተቱም። ከማርች 1 እስከ ጁላይ 31 ወፎች መሬት ላይ ስለሚፈለፍሉ ውሻ በአጭር ማሰሪያ መታሰር አለበት። ማደር የሚያምረው ሰው ካለ፣ ባለቤት ሳያስፈቅዱ ድንኳን መትከል የሚቻልበት ልዩ ስፍራ በደቡብ ምዕራብ ያለው የዳርትሙር የወል መሬት ነው። እሱም አንድ ባለርስት ተከራክሮበት ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል፤ ፍርድ ቤቱ በሜይ 2025 የሕዝቡን መብት አጽንቷል።

ሕጉን ትተን ወደ ኮረብታው ራሱ ስንመጣ፣ አፈጣጠሩን ማወቅ የትኛው ወገን ላይ ቆመው ማየት እንዳለብዎ ይነግርዎታል። የደቡቡ ኮረብታ ከጠመኔ የተሠራ ነው። ከ100 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ዘመን አገሩን ሞቃት ባሕር ሸፍኖት ሳለ፣ በዓይን የማይታዩ የባሕር ፍጥረታት ቅርፊት ከታች ተጠራቅሞ ነጭ ድንጋይ ሆነ። ኋላ አፍሪካ አውሮፓን ስትገፋ የአልፕስ ተራሮች ተነሡ፤ ያው ግፊት እንግሊዝ ሲደርስ ደክሞ ስለነበር ምድሩን እንደ ምጣድ አክንባሎ ብቻ አሳበጠው። የአክንባሎው አናት በዝናብና በወንዝ ታጥቦ ሄደ፤ ጠርዙ ቀረ። ሰሜናዊው ጠርዝ ኖርዝ ዳውንስ፣ ደቡባዊው ሳውዝ ዳውንስ ነው። ሁለቱም ሸንተረሮች በመካከላቸው ወዳለው ዝቅተኛ አገር ቀጥ ያለ ገደላቸውን ያዞራሉ፤ ጀርባቸው ደግሞ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ቦክስ ሂል የኖርዝ ዳውንስ ስለሆነ ዕይታው ወደ ደቡብ ነው። ዲችሊንግ ቢከን፣ ከብራይተን በላይ 248 ሜትር ላይ ያለው፣ የሳውዝ ዳውንስ ስለሆነ ወደ ሰሜን ያያል። ሰማዩ ከጠራ አንዱ ከሌላው ይታያል።

ከተቻለ በጀርባው በኩል መምጣት ይሻላል። አቀበቱ አይታወቅም፤ በግ እያለፋችሁ፣ ሰማይ ብቻ እያያችሁ ትሄዳላችሁ፤ ከዚያ ምድሩ ከፊታችሁ ያልቃል፤ ማሳው፣ ደኑ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሾጣጣ ጣሪያ ሁሉ ባንዴ ይታያል። በገደሉ በኩል የወጣ ሰው ደግሞ ትንፋሹን ሲሰበስብ ዕይታው ግማሽ ያልፈዋል። ምዕራብ ላይ ያሉት ኮትስዎልድስ የተባሉ ኮረብቶችም ጠባያቸው ያው ነው፤ ድንጋዩ ከጠመኔ የቀደመ ወርቅማ የኖራ ድንጋይ ሆኖ፣ አፋፉ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሰቨርን ወንዝ ሸለቆ ይመለከታል። ስለዚህ ኮትስዎልድስን ማየት ወደ ማታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

ኮረብታው ገላጣ መሆኑን ተፈጥሮ ብቻ የሰጠው አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ያለ በግ ዕይታ የለም። የጠመኔው አፈር ስስ ስለሆነ በግ አጭር አድርጎ ሲግጠው አንዱ ሣር ሌላውን ስለማይውጠው በአንድ ካሬ ሜትር እስከ 40 የሚደርስ የዕፅ ዓይነት ይበቅላል፤ ተንበርክኮ ላየው ሰው ከሩቁ ዕይታ የማይተናነስ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በጎቹ ሲቀንሱ፣ በ1950ዎቹ ደግሞ ጥንቸሎቹን በሽታ ሲጨርሳቸው፣ ሣሩን ቁጥቋጦ ወረሰው፤ ብዙ አፋፎችም በዛፍ ተጋረዱ። ዛሬ ናሽናል ትረስትን የመሳሰሉ ማኅበራት ከብትና በግ የሚያሰማሩት፣ በብርዱ ወራት ቁጥቋጦ የሚመነጥሩት ለዚህ ነው። ዛፍ ሲቆረጥ አይታችሁ ከመቆጣት በፊት ይህን አስቡ። ናሽናል ትረስት በ1895 የተመሠረተ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ቦክስ ሂልን ሊዮፖልድ ሰሎሞንስ የተባሉ ባለሀብት በ1914 ገዝተው የሰጡት ለእሱ ነው። መራመዱ ነፃ ነው፤ የሚያስከፍሉት መኪና ማቆሚያውን ነው።

ካርታ ሳይዙ መሄድ አይመከርም፤ ስልክ ላይ ያለው የተለመደው ካርታ መብትን አያሳይም። የሚያሳየው በ1791 የተመሠረተው ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚያወጣው ነው፤ በወረቀትም በስልክም ይገኛል። ለእግረኛ የሚስማማው ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ኤክስፕሎረር፣ 1 ለ25,000 የሆነው ነው። እሱ ላይ አረንጓዴ ሰረዝ ሰረዝ ያለው የሕዝብ መንገድ ነው፤ አጭሩ ሰረዝ የእግረኛ፣ ረጅሙ የፈረስ። ጥቁር ሰረዝ ግን ተጠንቀቁት፦ መሬት ላይ ጥርጊያ አለ ማለት ብቻ ነው፤ መብት አለ ማለት አይደለም። ፈዛዛ ቢጫ የተቀባው ስፍራ በ2000ው ሕግ የተከፈተው ነው። ጨረር እንደሚረጭ ማራገቢያ የተሣለች ሰማያዊ ምልክት ደግሞ ዕይታ ያለበትን ቦታ ትጠቁማለች፤ ጨረሩ ያለበት አቅጣጫ ዕይታው የሚከፈትበት ነው።

ምልክቱ ከሌለ ሌላ ዘዴ አለ። ካርታው ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ፈልጉ። ከ1936 ጀምሮ የአገሪቱን ካርታ እንደገና ለመለካት ከ6,500 በላይ የሲሚንቶ ምሰሶዎች በየኮረብታው አናት ተተክለዋል። ቁመታቸው ከወገብ ትንሽ ከፍ ይላል፤ አናታቸው ላይ የመለኪያው መሣሪያ የሚቀመጥበት የነሐስ ጎድጓዳ አለ። ለሥራው አንዱ ምሰሶ ከሌሎቹ መታየት ነበረበት፤ ስለዚህ ምሰሶ ያለበት ሁሉ ሲመረጥ ዕይታ የነበረው ነው። ዛሬ ሳተላይት ሥራቸውን ወስዶባቸው የእግረኛ ሻይ ማስቀመጫ ሆነዋል።

ለጀማሪ ከቦክስ ሂል ቀጥሎ ዴቭልስ ዳይክን እመርጣለሁ፤ ከብራይተን በአውቶቡስ የሚደረስ፣ ውሃ የሌለው 100 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ሸለቆ ነው። በበረዶው ዘመን ጠመኔው በቅዝቃዜ በረዶ ሆኖ ውሃ አላሰርግ ሲል፣ የቀለጠው በረዶ በላዩ ጠርጎ ያወጣው ነው። የዩፊንግተን ነጭ ፈረስም አለ፦ ሣሩ ተገፎ በጠመኔ የተሣለ፣ 110 ሜትር የሚረዝም፣ ወደ 3,000 ዓመት የሚጠጋው። ቦክስ ሂል ላይ ደግሞ ሜጀር ፒተር ላቢሊየር በ1800 በገዛ ኑዛዜያቸው በጭንቅላታቸው ተዘቅዝቀው የተቀበሩበት ድንጋይ አለ፤ ዓለም የተገለበጠች ስለሆነች በመጨረሻ ቀጥ ብዬ የምቆመው እኔ ነኝ ብለው ነው ይባላል።

ለእኛ ግን ልዩ ትርጉም ያላቸው ሁለት ናቸው። ኮትስዎልድ ዌይ የተባለው 164 ኪሎ ሜትር መንገድ ከቺፒንግ ካምደን ተነሥቶ ባዝ ከተማ ያልቃል። ባዝ ከመግባቱ በፊት ፕሮስፔክት ስታይል የምትባል አፋፍ ላይ ያወጣችኋል፤ ከዚያ ከተማው ከታች ይታያል። ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ፣ በከተማው ምዕራብ ጫፍ፣ ፌርፊልድ ሀውስ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከ1936 እስከ 1940 የተሰደዱበት ቤት ነው፤ በ1958 ለአረጋውያን መገልገያ ይሁን ብለው ለከተማው ሰጥተውታል። ሁለተኛው ማልቨርን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እዚያም አርፈዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው የተማሩትም በዚያው ከተማ ነው። ከከተማው በላይ ያለው ዉስተርሻየር ቢከን 425 ሜትር ነው፤ አናቱ ላይ የንግሥት ቪክቶሪያን 60ኛ የንግሥና ዓመት ምክንያት በማድረግ በ1897 የቆመ፣ በየአቅጣጫው የሚታየውን የሚጠቁም ክብ ሰሌዳ አለ። የማልቨርን ኮረብቶች በ1884 በወጣ የራሳቸው ሕግ ስለሚጠበቁ፣ ከላይ የዘረዘርኩት የመስመር ጭንቀት እዚያ እምብዛም አያገኛችሁም።

ሌላ ቦታ ግን መንገድ ተዘግቶ ማግኘት አይቀርም፤ ሽቦ ተወጥሮ፣ እሾህ በቅሎ፣ በር ተቆልፎ። በሕዝብ መንገድ ላይ የተደረገን መሰናክል ለማለፍ የሚበቃውን ያህል ብቻ ማንሣት ወይም በዚያው ባለቤት መሬት ላይ በአጭሩ መዞር ይፈቀዳል። ከገበሬው ጋር መነታረክ አያስፈልግም። መንገዱን ማስከፈት የካውንቲው ምክር ቤት ግዴታ ነው፤ ድረ ገጹ ላይ ቅጽ አለ። የመንገዱን ቁጥር፣ የካርታውን መጋጠሚያና አንድ ፎቶ ማያያዝ ይበቃል።